ሦስቱ ቀለማትና መካከላቸው

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቡሬንና ደምበጫን አልፎ ደብረ ማርቆስ ከመድረሱ በፊት አማኑኤልን ያቋርጣል። የማቻከል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ በየመማሪያ መጽሐፉ ስሟ የሚነሣ የታሪክ ቦታ አይደለችም። ሆኖም በምሥራቅ ደብረ ማርቆስ፣ በደቡብ ደብረ ኤልያስ ይጎራበቷታል፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምልክቶች ታሪክም በዚህ አካባቢ ሦስት ጊዜ ደምቆ ይታያል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓድዋ የዘመተ ንጉሥ ተነሥቷል። ከደብረ ኤልያስ ስሙ ከመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ጋር የሚነሣ ባለቅኔ ወጥቷል። በአማኑኤል በኩል በሚያልፈው መንገድ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ከስደት የተመለሰው ሰንደቅ ዓላማ ወደ ደብረ ማርቆስ ገብቷል።

ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ የሰንደቅ ዓላማችን መካከል መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ተለውጧል። አንበሳ ገብቶበታል፣ አንበሳው ወጥቷል፣ ባዶ ሆኗል፣ ዓርማ ተተክሎበታል። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ግን ሁሉንም መንግሥታት ተሻግረው እዚህ ደርሰዋል። እንዴት እንደ ደረሱ ለማየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ነጋሪትና አንበሳ

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳል ተሰማን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃም ላይ አነገሡ። መናገሻቸው መንቆረር ነበረች፤ ኋላ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችው። በዚያ ዘመን ለጎጃም ገበሬ የመንግሥት ምልክቱ ጨርቅ ሳይሆን ድምፅ ነበር። ሹመት ሲሰጥ ነጋሪት ይሰጣል። ነጋሪቶቹ የበሬ ቆዳ ተወጥሮባቸው በበቅሎ ጀርባ ግራና ቀኝ ይጫናሉ፤ መቺው በመካከላቸው ተቀምጦ በዱላ ይጎስማቸዋል። የሹሙ ማዕረግ ከፍ ባለ መጠን የነጋሪቱም ቁጥር ይበዛል። ዐዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው፤ ጦር የሚከተተውም እንዲሁ። ከነጋሪቱ ቀጥሎ ዘውዱ፣ ጥላውና ማኅተሙ ይመጣሉ።

ቀለማቱም በዚያ ዘመን ይታወቁ ነበር። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቆች ረዣዥምና ጠባብ ሆነው ተለያይተው ይውለበለቡ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው በአንድ ላይ ተሰፍተው ሙሉ ባንዲራ አልሆኑም። ለቀለማቱ ብዙ ሰው የሚያውቀው ትርጓሜ ከኖኅ ዘመን ቀስተ ደመና፣ እግዚአብሔር ከሰው ልጅ ጋር ከገባው ቃል ኪዳን ጋር የተያያዘ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሰንደቁ የቃል ኪዳን ምልክት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። የሁለቱ ነገሥታት ጠብ በዚያው ቢቀጥል ኖሮ የሚከተለው ታሪክ አይኖርም ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ክተት ሲያውጁ፣ እምባቦ ላይ የተማረኩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር አሰልፈው ዓድዋ ዘመቱ። ሁለቱ በአንድ ግንባር ተሰልፈው የጣልያንን ጦር ድል ነሡ።

ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ምልክት ወደ ሕዝቡ መዳፍ መግባት ጀምሮ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተመታው የምኒልክ ብር በአንድ ገጹ ዘውድ የደፉትን ንጉሠ ነገሥት ያሳያል። በሌላው ገጽ ዘውድ የደፋ አንበሳ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጥብጣብ የታሰረበት ባለ መስቀል በትር ይዞ ይራመዳል። ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ይከበዋል። በዚሁ ጊዜ ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮችም የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና ይህንኑ አንበሳ ይዘው ወጡ። እርግጥ የገጠሩ ገበያተኛ ለረጅም ጊዜ ያመነው የለመደውን፣ ማርትሬዛ የተባለውን የውጭ አገር ብር ነበር። አንበሳው በገበያ ከማርትሬዛ ጋር መወዳደር ቢቸግረውም የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ምልክት ሆኖ በማኅተም፣ በብርና በቴምብር ላይ ጸና።

ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ይልኩ ጀመር። ኢትዮጵያም ከሌሎች አገሮች ባንዲራ ጎን እኩል የሚሰቀል የራሷ ምልክት ያስፈልጋት ነበር። በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ቀለማት በአንድ ላይ ተሰፍተው ባለ አራት ማዕዘን ባንዲራ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር፤ በመካከሉም የምኒልክ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ም» ተጽፎ ነበር። ኋላ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አረንጓዴው ላይ፣ ቀዩ ታች ሆነ። የባንዲራው መካከል በሥልጣን ላይ ያለውን የሚያመለክት ቦታ መሆኑ ከዚያች ፊደል ይጀምራል።

የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ

ባንዲራና አንበሳ ተገኙ፤ የቀረው ዜማ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ያደጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው ይታወቃሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚባለው ይህ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተዘመረ።

ግጥሙን የጻፈው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ መሆኑን ብዙ ጸሐፍት ይመሰክራሉ። ዮፍታሔ ከማቻከል ጋር በሚዋሰነው በደብረ ኤልያስ ተወልዶ በዚያው በጎጃም የቅኔ ቤት አደገ። በጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። አንዱን ቃል ሁለት ትርጉም እንዲሸከም አድርጎ ሰምና ወርቅ ማስማማት የሚለምደው እዚያ ነው። ዮፍታሔ ይህን ስልት ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ መምህር ሆነ፤ ለተማሪዎች ተውኔትና መዝሙር ጻፈ፤ ከዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር መሥራቾች አንዱ ሆነ። መዝሙሩ በመንፈሱ የዘመኑ ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያን በአምላኳ ኃይልና በንጉሧ ደስ እንዲላት ይጠራታል። አርመናዊ የደረሰው ዜማና የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳደገው ቃል አንድ ላይ ተጋብተው የአንድ አገር ድምፅ ሆኑ።

በዘውድ በዓሉ ሰሞን አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ባንዲራው፣ አንበሳውና መዝሙሩ በአንድነት ተሟልተው የታዩት ያኔ ነው።

የተወሰደው አንበሳ፣ የተመለሰው ሰንደቅ

ይህ ሙላት ስድስት ዓመት እንኳ አልቆየም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰድደው ነበር። ወራሪው ምልክቶቹ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና የባቡር ጣቢያውን አንበሳ አንሥቶ ሮም ወሰደው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት በሮም አደባባይ ያንን አንበሳ ሲያይ ሰይፉን መዝዞ ጣልያኖች ላይ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ አገሩን ሳያይ በግዞት ሞተ። አንበሳው ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በቀድሞ ቦታው ቆሟል።

በጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ በየአካባቢያቸው ዱር ቤቴ ብለው ወራሪውን መግቢያ መውጫ አሳጡት። ጠላት ምሽጎቹንና ዋና መንገዶቹን ቢይዝም ገጠሩን መግዛት አልሆነለትም። በ1932 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የመሩት ቡድን ከሱዳን ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተገናኘ፤ አዛዥ ከበደ ተሰማም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው ነበሩ። የአንበሳ ማኅተም ያረፈባቸው የዐዋጅ ወረቀቶች ከአውሮፕላን ተበተኑ። ያን ማኅተም ሲያዩ ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አድርገው የተሳለሙ ሰዎች እንደ ነበሩ የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ካርቱም ላይ ለአርበኞቹ የተዘጋጀው የአማርኛ ጋዜጣ ስሙ «ባንዲራችን» ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ልዑል አልጋ ወራሽ፣ ራስ ካሣና እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አብረዋቸው ነበሩ። እዚያ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ። ዋና ከተማው ገና በጠላት እጅ ነበረ፤ ቤተ መንግሥት የለም፤ በዙሪያው ያለው የጠረፍ ቁጥቋጦና አሸዋ ነው። ሰንደቁ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም በኢትዮጵያ መሬት ላይ መቆሙን አወጀ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጉዞ እጅግ ከባድ ነበር። እንግሊዛዊው ሜጀር ኦርድ ዊንጌት የሚመሩት የጌዴዎን ጦር ከሱዳን ወታደሮችና ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተውጣጣ አነስተኛ ኃይል ነበር። ስንቁን የተሸከሙት ግመሎች ቆላውን ሲጨርሱና ደጋውን ሲወጡ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በበላያ ተራራ ቆይተው ወደ ቡሬ ወጡ። በየካቲት መጨረሻ ጣልያኖች ቡሬን ለቅቀው ሲያፈገፍጉ ደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያውያኑ ሻለቃ ጋር ብርቱ ውጊያ ሆነ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ከዚያ ጦርነቱ በአማኑኤል አቅጣጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ተገፋ። በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠው የጣልያን ጦር በሌሊት ጥቃትና በአርበኞች ከበባ ተጨንቆ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስን ለራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ትቶ ወጣ።

ራስ ኃይሉ ዓድዋ የዘመቱት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በነበራቸው ጠብ ታስረው ቆይተው በወረራው ዘመን ከጣልያን ጋር ወግነው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ገቡላቸው። የአባት ምርጫና የልጅ ምርጫ በአንዲት ከተማ መለያየታቸው ሰንደቅ ዓላማ ከአባት ለልጅ እንዲያው የሚወረስ ንብረት እንዳልሆነ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ምርጫ ይመርጣል። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት ዋና ከተማውን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ደረሱ፤ ሰንደቁም እዚያ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት የወጣው ጋዜጣ «ሰንደቅ ዓላማችን» ተባለ። የስደቱን ዘመን በሱዳን ያሳለፈው ዮፍታሔም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከነፃነት በኋላ ግን ዕድሜ አላገኘም።

የአፍሪካ ቀለም

ከ1933 በኋላ ሰንደቅ ዓላማው በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የዕለት ሥርዓት ሆነ። ጧት ተማሪዎች ተሰልፈው እየዘመሩ ይሰቅሉታል፤ ማታ ያወርዱታል። በሚሰቀልበትና በሚወርድበት ሰዓት መንገደኛው ባለበት ይቆም ነበር፤ የተሸከመ ሸክሙን ይዞ፣ አጋሰስ የሚነዳም አጋሰሱን አቁሞ ጸጥ ይል ነበር። ይህን ያዩ ታላላቆቻችን ዛሬም በናፍቆት ያወሩታል። ዐዋጅ ያላነበበ ሰው ሰንደቁን ያከበረው በዚህ መቆም ነው።

ቀለማቱ ከአገር ድንበርም አለፉ። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ መርጣ በመካከሉ ጥቁር ኮከብ አኖረች። ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩንና ሌሎችም እነዚህኑ ቀለማት በየራሳቸው አቀማመጥ ወሰዱ። ከቅኝ ገዢዎች ጋር ተዋግታ ያሸነፈችው አገር ቀለም ለነፃነት ትግል ምልክት ሆኖ ነበርና። በጃማይካ የራስታፈሪ አማኞች ቀለማቱንና የይሁዳን አንበሳ የእምነታቸው አካል አደረጉ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት በርካታ መሪዎች ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ጋር የሚዛመድ ባንዲራ ይዘው መጡ።

አንበሳው ሲወጣ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንበሳ በነበረበት በሰንደቁ መካከል ለውጡ ደረጃ በደረጃ ታየ። መጀመሪያ የአንበሳው ዘውድ ወረደ፤ በበትሩ ላይ የነበረው መስቀል በጦር ተተካ። ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ከባንዲራው ወጣና ሦስቱ ቀለማት ብቻቸውን ቀሩ። የመሬት ላራሹ ዐዋጅ በታወጀበት ዘመን በመንግሥቱ ዓርማ ላይ ማረሻ ገባ። በ1969 ዓ.ም. የተመታውን አንድ ሳንቲም ያየ ሰው ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያገኝበታል፤ እንደ ማቻከል ባለ የጤፍና የስንዴ አገር ማንም የሚያውቀው አቋም ነው፤ ሰውየው ከኋላ፣ በሬዎቹ ከፊት። ሳንቲሙን ሲያገላብጡት ግን የአንበሳ ራስ አለ። ከባንዲራ የተነሣው አንበሳ በሕዝቡ ኪስ ውስጥ መኖሩን ቀጠለ።

መዝሙሩም ተለወጠ። አሰፋ ገብረ ማርያም ተሰማ ግጥሙን፣ ዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ዜማውን የደረሱት «ኢትዮጵያ ቅደሚ» ንጉሡን አውጥቶ ኅብረተሰባዊነትን አስገባ። ኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ባንዲራው መካከል እንደገና ዓርማ ተቀመጠ። የዚያ ዘመን ወታደሮች በየግንባሩ የወደቁት ይህን ሰንደቅ ይዘው ነው፤ ከመንግሥቱ ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ የሟቾቹን መሥዋዕትነት ሊያቃልል አይገባውም።

ሰማያዊው ክብና ልሙጡ ባንዲራ

በ1983 ዓ.ም. ከንጉሡ በኋላ የመጣው የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በሽግግሩ ዘመን ሰንደቁ ያለ ዓርማ ተውለበለበ። በ1984 ዓ.ም. ደረጀ መላኩ መንገሻ ግጥሙን የጻፈው፣ ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ ዜማውን የደረሰው «ወደፊት ገስግሺ ውድ እናት ኢትዮጵያ» ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ይህ መዝሙር ስለ ዜግነት ክብር፣ ስለ ሕዝቦች አንድነት፣ ስለ ሥራና ስለ ሰላም ይናገራል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት መዝሙር ተዘመረ፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ተቀምጠው ሦስት የተለያዩ የአገር መዝሙሮች በቃላቸው ያውቃሉ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሰንደቁን ደነገገ። ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በአግድም እኩል ይቀመጣል፤ በመካከሉም ብሔራዊ ዓርማ ይኖረዋል። ዓርማው ብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅ እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ጥር 28 ቀን 1988 ዓ.ም. ዓርማው ተለይቶ ታወቀ፤ በሰማያዊ ክብ ላይ ከቀጥታ መስመሮች የተሠራ ቢጫ ኮከብ፣ በዙሪያውም ጨረሮች። ሰማያዊው ሰላምን፣ እኩል የሆኑት መስመሮች እኩልነትን፣ ኮከቡ አንድነትን፣ ጨረሩ ብሩህ ተስፋን ያመለክታሉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ ዐዋጅ ቁጥር 654 የቀለማቱን ትርጉም በሕግ አስቀመጠ። አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነትና ጀግንነት ምልክት ነው። የቆየው የሕዝብ ትርጓሜም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አረንጓዴው ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ፣ ቀዩ ደም ነው። ዛሬ በየዓመቱ የጥቅምት ወር የመጀመሪያ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሆኖ ይከበራል።

የመካከሉ ጉዳይ ግን ያልበረደ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ሰው ያለ ዓርማ ያለውን «ልሙጡ ባንዲራ» በቤተ ክርስቲያን በዓል፣ በስታዲየምና በስደት አገር ይዞ ይወጣል፤ አንበሳውን የሚመርጡ አሉ፤ ኮከቡን የእኩልነት ዋስትና አድርገው የሚያዩም አሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተደረገው ሰልፍ ላይ የተለያዩት ሰንደቆች በአንድ ሕዝብ መካከል ጎን ለጎን ታይተዋል። ስለ ባንዲራው መካከል ሰው የተጣላበት፣ የታሰረበትም ጊዜ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አለ። የባንዲራው መካከል ከምኒልክ ፊደል ጀምሮ መንግሥታት ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቦታ ሆኖ ኖሯል፤ አንዱም ግን ያለ ሕዝብ ስምምነት ጸንቶ አልቆየም። ቀለማቱ የጸኑት በተቃራኒው ማንም የብቻው ሊያደርጋቸው ስላልቻለ ነው። እምባቦ ላይ የተዋጉት ሁለቱ ነገሥታት በዓድዋ በአንድነት ተሰለፉባቸው፤ የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት በዱር ጠበቃቸው፤ ጋናዊውም የነፃነቱ ምልክት አደረጋቸው። የአንዱ ብቻ ያልሆነ ምልክት ሁሉም የሚከራከርለት ይሆናል፤ ክርክሩም የፍቅር ምልክት ነው።

ስለዚህ ስለ ዓርማው የሚደረገው ውይይት በኃይል የሚዘጋ ሳይሆን በእውቀትና በመከባበር የሚካሄድ መሆን አለበት። በአማኑኤል ትምህርት ቤቶች ጧት ሰንደቅ የሚሰቅሉ ልጆች፣ ወላጆቻቸው በየሳምንቱ ገበያ የሚሄዱበት መንገድ በ1933 ዓ.ም. ሰንደቁ ከስደት የተመለሰበት መሆኑን፣ የመጀመሪያው መዝሙር ባለቅኔ የተወለደውም ከጎረቤታቸው ወረዳ መሆኑን ሊማሩ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ትውልድ በመካከሉ ምን ይቀመጥ በሚለው ላይ ሲወያይ የሚነጋገረው ስለ አያቶቹ ዋጋ መሆኑን ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ትውልድ የሚስማማበት ምልክትም በማንኛውም የመንግሥት ለውጥ የማይነሣ ይሆናል።